ስለ አክታ ካልቸርና ስለ ሰበካ ጉባኤያት ድርሻ
በአምቦ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤያት ተወካዮች የቀረበ ንግግር



ስለ ሳንባ ነቀርሳ መተላለፊያ መንገድና ስለ ሕክምናው ርዝመት በየመድረኩ ብዙ ተነግሯል። እኔ ዛሬ በሕሙማን ወረቀት ላይ ተጽፋ የምናያትን አንዲት ቃል ብቻ ላብራራ እወዳለሁ። ቃሏ «ካልቸር» ናት። ከባኮ፣ ከጌዶ ወይም ከጊንጪ የመጣ ሕመምተኛ «አክታህ ለካልቸር ተልኳል፤ ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል» ሲባል፣ ጥያቄውን ይዞ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ወደ ንስሐ አባቱ ነው። «ረስተውኝ ይሆን? ወይስ በሽታዬን መለየት አቃታቸው?» ይላል። በአጥቢያው መልስ የሚሰጠው ካጣ፣ ከቀጠሮው ሊቀር፣ ክኒኑንም ሊያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን እኛ አስቀድመን ልናውቀው ይገባል።

ካልቸር ማለት በአክታው ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ መግቦ ማሳደግ ነው። እናቶቻችን ሊጥ ላይ እርሾ ሲጥሉ የሚሆነውም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ በዓይን የማይታየው ተሕዋስ ምግብና ሙቀት ሲያገኝ ይበዛል፣ ሊጡም በጥቂት ቀናት ይቦካል። የነቀርሳው ባክቴሪያ ግን እንደ እርሾው አይደለም፤ ምግብ መራጭና እጅግ ዘገምተኛ ነው። በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሲመቻቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናሉ፤ እርሱ ግን አንድ ጊዜ እጥፍ ለመሆን አንድ ሙሉ ቀን ገደማ ይወስድበታል። የውጤቱ መዘግየት ዋና ምክንያት የባለሙያው ቸልታ ሳይሆን የባክቴሪያው ጠባይ መሆኑን ሕመምተኛው ይወቅ።

ሮበርት ኮህ እ.ኤ.አ. በ1882 የበሽታውን መንሥኤ ለዓለም ሲያስታውቅ፣ ባክቴሪያውን ያሳደገው በሙቀት በረጋ የደም ሴረም ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በዕንቁላል የሚዘጋጅ አረንጓዴ ጠጣር ማሳደጊያ በስፋት ሥራ ላይ ዋለ፤ ዛሬም ያገለግላል። ነገር ግን በእርሱ ላይ ባክቴሪያው በዓይን የሚታይ ክምችት እስኪሠራ እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 እንደ እኛ ያሉ አገሮችም በፈሳሽ ማሳደጊያ እንዲጠቀሙ የመከረው ይህን ጊዜ ለማሳጠር ነው።

ፈሳሹ ማሳደጊያ ለአራስ እንደሚሠራ አጥሚት የበለጸገ ምግብ ነው። ጨዋማ በሆነው መሠረታዊ ፈሳሽ ላይ አራት ነገሮች ይጨመሩበታል። የመጀመሪያው ኦሌይክ አሲድ የተባለ ቅባት ነው፤ ባክቴሪያው ይመገበዋል፣ ሲበዛ ግን ይመረዝበታል። ስለዚህ ከከብት ደም የሚገኝ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ይታከላል፤ ትርፉን ቅባት ይዞ ጉዳቱን ያስቀራል። ሦስተኛው ኃይል ሰጪ ስኳር ሲሆን፣ አራተኛው በፈሳሹ ውስጥ የሚፈጠሩ መርዛማ ውሁዶችን የሚያፈርስ ካታሌዝ የተባለ ኤንዛይም ነው።

በቱቦው ግርጌ ደግሞ ለልዩ ብርሃን የሚፈካ ንጥረ ነገር አለ። በፈሳሹ ውስጥ ኦክስጅን እስካለ ድረስ አይፈካም፤ ባክቴሪያው ኦክስጅኑን ተንፍሶ ሲጨርሰው ግን ይፈካል። ቱቦው በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በመሣሪያ ውስጥ ይቀመጣል፤ መሣሪያውም በየሰዓቱ ይፈትሸዋል። ባክቴሪያው ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ራሱን ይገልጣል። «የለም» ለማለት ግን 42 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ከጾመ ነቢያት ርዝመት ጋር የሚቀራረብ ነው።

«ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በሁለት ሰዓት ውስጥ ውጤት ይሰጥ የለምን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። እውነት ነው፤ ሕክምና የሚጀመረውም በእርሱ ውጤት ነው እንጂ ካልቸር እስኪደርስ ተጠብቆ አይደለም። ነገር ግን ያ መሣሪያ የሚያየው የባክቴሪያውን የዘር ምልክት ስለ ሆነ፣ የሞተውን ከሕያው አይለይም። በማደግ ራሱን የሚያሳይ ሕያው ባክቴሪያ ብቻ ነው። በአገራችን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ከተጀመረ ወዲህ፣ እነዚህን ሕሙማን ለመከታተል ካልቸር አስፈላጊ የሆነው ለዚህ ነው። ሳሉ ቢቆም፣ ክብደቱም ቢጨምር፣ መድኃኒቱ ጠላቱን ማሸነፉን የሚመሰክሩት ምንም ያላደገባቸው ተከታታይ ቱቦዎች ናቸው። ደግሞም በማይክሮስኮፕ ለመታየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ሊኖር ያስፈልጋል፤ ለካልቸር ግን ከ10 እስከ 100 ይበቃል። ሌሎች መድኃኒቶች ይሠሩ እንደ ሆነም ባደገው ባክቴሪያ ላይ ይፈተናል።

ይህ የበለጸገ ምግብ ግን አንድ ችግር አለው፤ ማንንም ይመግባል። በአክታው ውስጥ ያሉ የአፍና የጉሮሮ ባክቴሪያዎች ከነቀርሳው ፈጥነው ከበዙ ናሙናው «ተበክሏል» ይባላል፤ ሳምንታት ከንቱ ይቀራሉ፣ ሕመምተኛውም እንደ ገና ይጠራል። ለዚህም አክታው አስቀድሞ በኬሚካል ይታጠባል፣ በማሳደጊያውም ውስጥ ሌሎችን የሚገታ መድኃኒት ይጨመራል። ሆኖም በመንገድ ላይ በሙቀት የቆየን ናሙና ይህ ሁሉ ላያድነው ይችላል። ካልቸር በየጤና ጣቢያው የሚሠራ አይደለም፤ አየሩ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የተጠበቀ ቤተ ሙከራ ይሻል። ስለዚህ ከጌዶ የተነሣ አክታ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ጉደርን፣ አምቦን፣ ጊንጪንና ሆለታን አልፎ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚይዝ የቀዝቃዛ ዕቃ ውስጥ ሆኖ መድረስ አለበት።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? አራት ነገሮችን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ናሙናው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከመነሻው ነው። የሚፈለገው ምራቅ ሳይሆን ከደረት ጥልቅ የወጣ የጠዋት አክታ ነው፤ ሕመምተኛው ከምግብ በፊት አፉን በንጹሕ ውኃ ተጉመጥምጦ፣ ከሰው ራቅ ብሎ በነፋሻ ስፍራ ይስጥ። ሊቆርብ ያሰበ ምእመን በዚያ ጠዋት ውኃ በአፉ ማስገባት ስለሚከብደው፣ ዕለቱን እንዲለውጥ ከጤና ባለሙያው ጋር ይነጋገር። ይህን ሊነግረው የሚችለው የንስሐ አባቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ናሙናው የሚላክበትን ቀን ሕመምተኛው ይወቅ። መልእክተኛው የሚያልፍበት ቀን እያለ በማግሥቱ የተሰጠ አክታ ያለ ምክንያት ይቆያል። ሰበካ ጉባኤው ቀኑን ከጤና ጣቢያው ጠይቆ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ቢያሳውቅ ወጪ የለበትም። የሕመምተኛው ስም ግን በዐውደ ምሕረት አይጠራ።

ሦስተኛ፣ ለሚጠባበቁት መጓጓዣና ስንቅ ይታሰብላቸው። ለተበከለ ናሙና ሁለተኛ የሚጠራ የቀን ሠራተኛ ሁለተኛ የቀን ደመወዙን ያጣል። ከሙዳየ ምጽዋት የሚወጣ ጥቂት ብር የአንድን ቤተሰብ ሕክምና ከመቋረጥ ሊያድን ይችላል።

አራተኛ፣ ጠበልና መድኃኒት አይጣሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወተ ሥጋ ሳሉ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚመጡ የኤች.አይ.ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። ለነቀርሳም ያው ነው። ወደ ጠበል የሚሄድ ሕመምተኛ ክኒኑን ይዞ ይሂድ፤ የሚሳል ከሆነም በተጨናነቀ ቤት ከሌሎች ጋር አይደር። «ተፈውሻለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ሊያቆም የሚሻውን ምእመን፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን ሐኪሙ እስኪያሰናብትህ ክኒንህን አታቁም» ብሎ የሚመክር ካህን ነፍስ ያድናል። መድኃኒቱ ያለ ጊዜው ሲቋረጥ የቀሩት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ሊላመዱት ይችላሉ፤ ለልጆቹና ለጎረቤቶቹም የሚተርፈው ያ ነው።

አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የበለጸገውን ምግብ ማዘጋጀት የባለሙያው ሥራ ነው፤ ቱቦውንም መሣሪያው ይጠብቀዋል። ሕመምተኛው ግን እነዚያን 42 ቀናት የሚያሳልፈው በእኛ አጥቢያ ነው። ወደ ሰበካችሁ ስትመለሱ ውጤት የሚጠባበቅ ሰው እንዳለ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተመካከሩ፤ ሕመምተኛው ከፈቀደም ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት።

 ወስብሐት ለእግዚአብሔር።