«በሞቴ ብይልኝ» — ስለ ታማሚ ሰው ገበታ

(በመካነ ሰላም በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንድ አባል የተደረገ ንግግር)



ጸሐፊያችን «አንተ ጡረታ የወጣህ ጤና ረዳት ነህ፤ ስለ ጤና አንድ ነገር ተናገር» ብሎ ሲያዘኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ንጽሕና ነበር። ስለ ንጽሕና ግን ከዚህ መድረክ ብዙ ሰምታችኋል፤ እጃችሁንም እንደምትታጠቡ አውቃለሁ። ስለዚህ በቤቴ ስለ ደረሰው ነገር ልናገር ቆረጥኩ። ነገሩም የታመመ ሰው ምግብ እምቢ ሲል ምን እናድርግ የሚለው ነው። ከመካከላችን ስኳር፣ ልብ፣ ኩላሊት፣ ነቀርሳ ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። እህል አልወርድ ያለው ሰው ያላስታመመም እንደዚሁ ጥቂት ነው።

ባለቤቴ ከዚህ ዓለም የተለየችው አምና መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ድንኳኑን የተከላችሁት እናንተው ናችሁ። የልብ ሕመም ይዟት ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። የምነግራችሁ ስለ ሞቷ አይደለም፤ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ነበረ አንድ ክረምት ነው።

በዚያ ክረምት እህል ጠላች። መጀመሪያ እንጀራውን ከዳር ከዳር ቆረስ ቆረስ እያደረገች መተው ጀመረች። ቀጥሎ የሽንኩርት ቁሌት ሲሸታት ከቤት ትወጣለች። ቀጥሎም «አፌ ብረት ብረት ይለኛል» አለች። እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ? የአገራችን ሰው የሚያደርገውን ነዋ! ጠቅልዬ አጎረስኩ። «በሞቴ» አልኩ፤ «አፈር ስሆን» አልኩ። ሌላው ሲቀር ተቆጣሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሽተኛ ያየሁ ሰው፣ የገዛ ባለቤቴን እንደ እልኸኛ ልጅ ቆጠርኳት።

ጠያቂ በመጣ ቁጥር ደግሞ ያው ነው። እግዜር ይስጣችሁ፣ አንዳችሁም ባዶ እጃችሁን አልመጣችሁም። ነገር ግን ስምንት ሰው መጥቶ ስምንቱም አንድ አንድ ጉርሻ «በሞቴ» ብሎ ሲያጎርስ፣ እሷ እናንተን አክብራ ትውጣለች፤ እናንተ በሩን ከወጣችሁ በኋላ ሁሉንም ትመልሰዋለች። ይህን አልነገርኳችሁም ነበር። ዛሬ ነገርኳችሁ።

አንድ ቀን ማታ ፍራሹን ሳገላብጥ በጨርቅ የተቋጠረ የደረቀ ዳቦ አገኘሁ። ለእኔ ብላ እንደ በላች ለማስመሰል ትደብቀው ኖሯል። «አንተ ሰውዬ፣ ስትቆጣ እኮ ጭራሽ ይዘጋኛል» አለችኝ። ያን ሌሊት ስገላበጥ አደርኩ።

እንግዲህ በመሠረቱ መታወቅ ያለበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ የታመመ ሰው እህል የሚጠላው ወዶ አይደለም። ሰውነት በሽታን ሲታገል በደም ውስጥ የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ ወደ አንጎል ሄደው የረሃብን ስሜት ያፍኑታል። ይህም በነቀርሳ፣ በካንሰር፣ በኩላሊትና በልብ ድካም ሁሉ የሚታይ ነው። በልብ ሕመም ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል፤ ልብ ደሙን በሚገባ መግፋት ሲያቅተው ውኃ የሚጠራቀመው እግር ላይ ብቻ አይደለም፤ ጉበትና አንጀትም ያብጣሉ። ሆድ ስለሚወጠር ሁለት ጉርሻ የበላ ሰው ግማሽ እንጀራ እንደ በላ ይሰማዋል። «ጠገብኩ» ሲል አይዋሽም።

ይህን እኔ ማወቅ ነበረብኝ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ገና ወጣት ሳለሁ እዚሁ ወሎ በአንድ መጠለያ ሠርቻለሁ። ብዙ ቀን የተራበ ሕፃን ምግብ ሲያይ ይሻማል ብለን ነበር የምንጠብቀው። በጣም የተጎዳው ግን ፊቱን ያዞር ነበር። ወተት፣ ዘይትና ስኳር የተቀላቀለበትን በትንሽ በትንሹ፣ ሌሊትም ሳይቀር በየጥቂት ሰዓቱ በማንኪያ ስንሰጠው ከቀናት በኋላ ረሃቡ ይመለስለታል። ራበኝ ብሎ ያለቀሰ ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ደስ ይለው ነበር፤ ልቅሶው ምልክት ነዋ። ዛሬም ቢሆን በጤና ጣቢያ ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ሲመጣ ያንን ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይትና ከስኳር የተሠራውን ፕላምፒ ነት የሚባለውን ምግብ እዚያው ፊታቸው ያቀምሱታል። ከበላ እናቱ ይዛው ወደ ቤት ትሄዳለች፤ እምቢ ካለ ግን ተኝቶ መታከም አለበት ማለት ነው። የባለሙያ ቤት የምግብ ፍላጎትን እንደ ትኩሳት ይለካዋል እንጂ እንደ ጠባይ አይቆጥረውም። ለሰው ልጅ ይህን ሳደርግ ኖሬ፣ ቤቴ ስገባ ረሳሁት።

ወደዚያ ክረምት ልመለስ። ክብደቷን በአንድ ነጋዴ የእህል ሚዛን አስመዝናት ነበር። ሰኔ 54 ኪሎ፣ ሐምሌ 54፣ ነሐሴም 54። «ይኸው አልቀነስሽም» እላት ነበር። ዳሩ ግን የብር አምባሯ ከእጅ አንጓዋ ተነሥቶ እስከ ክርኗ ይንሸራተት ጀመር። ሥጋው ሲሄድ በቦታው ውኃ ይተካ ነበር፤ ሚዛኑ ሁለቱን አይለይም። እግሯን በጣት ጫን ሲያደርጉት ይጎደጉድ ነበር። እንግዲህ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመምተኛ ያላችሁ ሰዎች ሚዛንን ብቻ አትመኑ፤ ክንዱን፣ ትከሻውን፣ የፊቱን አጥንት እዩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ማታ «መብራቱ ምነው ቢጫ ሆነ? ዙሪያውን ቀለበት አለው» አለችኝ። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ጧት ጧት ግን «እህሉ ቢቀርሽ እንኳ መድኃኒትሽን ዋጪ» እያልኩ ኪኒኑን ሳላስቀር እሰጣት ነበር። ከኪኒኖቿ አንዱ ዲጎክሲን የሚባለው የልብ መድኃኒት ነው። ደግ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን በሚረዳው መጠንና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ሰው ሳይበላ ሳይጠጣ ሲሰነብት፣ ሽንት የሚያወጣውም ኪኒን ሲጨመርበት፣ ኩላሊት ይደክማል፣ በደም ያለው ፖታስየም ይቀንሳል፤ ያኔ ዲጎክሲኑ በሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ መርዝ ይሆናል። የመርዝነቱም የመጀመሪያ ምልክት ምን ይመስላችኋል? የምግብ ፍላጎት መጥፋት ነው። ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ነገር ሁሉ ቢጫ ሆኖ መታየት፣ በመጨረሻም የልብ ምት መዛባት። አንድ ክረምት ሙሉ «ብዪ፣ ዋጪ» ስል የሰነበትኩት እንግዲህ በዚህ ላይ ነው።

በአቀስታ በኩል ደሴ ይዣት ወረድኩ። ያየቻት ሐኪም ልጅ እግር ናት፤ የልጄ እኩያ ትሆናለች። ስለ ምግቡ ብዙ ሳወራባት ዝም ብላ ሰማችኝና ወደ ባለቤቴ ዞራ «እማማ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው?» አለቻት። ስለ ቀለበቱ ነገረቻት። በቃ። ደሟን መረመሩ፣ ልቧን በመሣሪያ አዩ፣ ያንን ኪኒን ለጊዜው አስቆሙ። በሳምንቱ እዚያው አልጋ ላይ ሳለች «የገብስ እሸት ደርሶ ይሆን?» አለችኝ። አልደረሰም ነበር። ግን ጠየቀች!

ይህን ያነሣሁት መድኃኒት እንድትፈሩ አይደለም። ማንም በገዛ እጁ መድኃኒት አያቁም። ነገር ግን ሲበላ የቆየ ሰው በድንገት እህል ከዘጋው ከማጉረስ በፊት የሚወስደውን ኪኒን ሁሉ በላስቲክ አድርጋችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱ። የነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እህል ጠልቶ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም የዓይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነ፣ ጉበቱ ተነክቶ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ይታይ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ተወግቶ ካልበላ ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል፤ ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታበት፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ቶሎ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት። በየቀኑ ስንት መወጋት እንዳለበት ግን ሐኪሙን ጠይቁ፤ መርፌውን ጭራሽ መተውም አደጋ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጣጣው ቀላል ነው፤ አፉ ውስጥ ነጭ ቁስል ወጥቶበት፣ ጥርሱ ታሞ፣ ሆዱ ደርቆ ይሆናል። አፍህን ክፈት ብሎ ማየት ገንዘብ አይጠይቅም። ሐዘንና ጭንቀትም እህል ይዘጋል፤ ይህን የማያውቅ የለም።

ከደሴ ከተመለስን በኋላ ስለ ተማርነው ቤታዊ ዘዴ ትንሽ ልበል። እናቶች ብታርሙኝ ደስ ይለኛል።

ትልቁን ሰሃን ተውነው። በስኒ ማስቀመጫ ነበር የማቀርብላት፤ ሦስት ጉርሻ የሚሆን፣ ግን በቀን ስድስት ጊዜ። ትልቅ ገበታ ገና ሲታይ ያጠግባል። ጧት ከሁሉ ይሻላታል፤ እየመሸ ሲሄድ ትደክማለች፤ ስለዚህ ደህናውን ምግብ ጧት አደረግነው። ቁሌቱ ከቤት ርቆ በማድ ቤት ይሠራል፤ ትኩስ ነገር ስለሚሸት ለብ ሲል ይቀርባል። ከመብላቷ በፊት አፏን ትጉመጠመጣለች። ሻይና ውኃ ከምግብ በፊት ሆድ ይሞላልና ወደ ኋላ አደረግነው፤ ለእሷ የሚፈቀደው ውኃ ደግሞ ልክ ነበረው። አጥሚቱን ቀጭን አድርጎ ማብዛት ትርፍ የለውም፤ ትንሽ ሆኖ ወተት ወይም የሱፍ ወይም የተልባ ውኃ ቢገባበት ይሻላል። እንቁላልም እንደዚሁ።

ትልቁ ፈተና ጨው ነበር። ጨው ውኃ ይይዛል፤ ለልብ ሕመምተኛ የተከለከለ ነው። እኛም ወጡ ላይ ጨው አንጨምርም ብለን ተዝናንተን ነበር። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው እንደሚገባበት፣ ሽሮውም እንደዚሁ፣ ያላሰብነው ነገር ነው። ስለዚህ ለእሷ ብቻ ጨው የሌለው በርበሬና ሽሮ ለብቻ አስፈጨን። ጣዕም አጣ፤ እውነት ነው። ጣዕሙን በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላና በጥቁር አዝሙድ መለስነው። የኩላሊት ሕመምተኛ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ ሙዝና ብርቱካን «ለታማሚ ጥሩ ነው» ተብሎ የሚወሰደው ለእሱ ሊጎዳው ስለሚችል፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ነበር። ገበታ ቀርቦ ሁላችን አፍ አፏን ስናይ የማትበላዋ ሰው፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ወሬ ሲይዝ፣ እጇን ሰደድ አድርጋ ጨው የሌለውን ቆሎ አንድ ጭብጥ ሙሉ ትበላለች። ማንም ስላላያት ነው። ከዚያ ወዲህ የበሶ ጭብጦውም ዳቦውም ከቡናው ጋር መቅረብ ጀመረ፤ ማንም ደግሞ «ጎሽ በላሽ» እንዳይላት ተማከርን። እንዲያ ስንላት ታቆማለችና።

ስለ ጾም ይጠየቃል። እድራችን የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው፤ በሁለቱም ወገን የታመመ ሰው እንደማይገደድ ታውቃላችሁ። ሽማግሌዎቻችን ግን መጾም ይወዳሉ። የነፍስ አባቱ ወይም ሼሁ ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው ቢነግሩት የሐኪም ቃል የማይሰማው ሰው ይሰማል። እኛ ጋ እንዲያ ነው የሆነው።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ፤ ሰብሳቢያችን ሰዓት እያዩብኝ ነው። ደንባችን የሚናገረው ሰው ከሞተ በኋላ ስላለው ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ጀሪካን፣ ብረት ድስት፣ ንፍሮ፣ የሦስት ቀን ቡና። ባለቤቴ የሞተች ዕለት ከሁለት መቶ በላይ ሰው በቤቴ በላ፤ አመሰግናለሁ፣ ውለታችሁ አለብኝ። በሕይወት ሳለች ግን የሚያስፈልጋት በስኒ ማስቀመጫ የሚሆን ነበር፤ ያንን ለማቅረብ የተሰለፈ ደንብ የለንም። በአዲስ አበባ በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ እድሮች ደንባቸውን ከፍተው የታመመ አባል መርዳት ጀምረዋል። እኛ ከእነሱ አናንስም።

የማቀርበው ሐሳብ መዋጮ አይጨምርም። ለረጅም ጊዜ የታመመ አባል ሲኖር በየሰፈሩ ሁለት ሁለት ሰው በተራ ይጠይቅ፤ ስምንት ሆኖ አይምጣ። ከመምጣቱ በፊት የሚስማማውንና የተከለከለውን ምግብ አስታማሚውን ይጠይቅ። የሚመጣው በትንሽ ክዳን ያለው ሳህን ይሁን። «በሞቴ» በሕመምተኛ ፊት ይቅር። የጠያቂው አንዱ ደግሞ ለአስታማሚው ብሎ አንድ ሰዓት ይቀመጥ፣ እሱም ወጥቶ ፀሐይ ይሙቅ ወይም ይተኛ። በዚያ ክረምት የተቆጣሁት ክፉ ስለሆንኩ ብቻ አይመስለኝም፤ እንቅልፍም አልነበረኝም። ሐሳቡን በጽሑፍ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ፤ ጉባኤው ይወያይበት።

በመጨረሻ አንድ ማስታወቂያ። ጨው የሌለው በርበሬና ሽሮ ቤቴ አለ። እሷ ካረፈችም በኋላ ልጄ ማስፈጨቱን አልተወችም። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ ያላችሁ ሰዎች ዕቃ ይዛችሁ ኑ፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።