ሴሮቶኒን፣ ድብርትና የቤተሰብ ኃላፊነት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ከመግሪብ ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ጠብቀውን፣ «ኡስታዝ፣ ልጄ ከሰው መቀላቀል ትታለች። ምግብ አልበላ ብሏታል፤ ሌሊት አትተኛም፤ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች» አሉን። እኛም ቁርኣን መቅራት እንድታበዛ፣ የጧትና የማታ ዚክሯንም እንዳትተው መክረን ሸኘናቸው። ምክሩ መልካም ነበር፤ ግን ጎደሎ ነበር። ሐኪም አይቷት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅንም። ልጅቷ ያልነውን ሁሉ እያደረገች ባሰባት። ይባስ ብሎ «ኢማኔ ቢጠነክር ኖሮ ይሻለኝ ነበር» እያለች ራሷን መውቀስ ጀመረች። በመጨረሻ አጎቷ ሆስፒታል ወሰዷትና፣ አልሐምዱሊላህ፣ ታክማ ተሻላት። የዛሬው ንግግራችን ያን ጊዜ ያጎደልነውን ለመሙላት ነው።

ስለ ድብርት ሲወራ ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስሙ ይነሳል። ይህ ንጥረ ነገር ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች ከከብት ደም ለይተው አወጡት፤ የደም ሥርን የሚያጠብ በመሆኑም ይህን ስም ሰጡት። በ1953 ደግሞ በአንጎል ውስጥ መኖሩ ታወቀ።

የሚያስገርመው ግን በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በሆዳችን ውስጥ፣ በአንጀት መሆኑ ነው። እዚያ የአንጀትን እንቅስቃሴ ይመራል። በደም ውስጥ ቁስል ሲያጋጥም ደም እንዲረጋ ያግዛል። በአንጎል ውስጥ ያለው ጥቂቱ ደግሞ በእንቅልፍ፣ በምግብ ፍላጎት፣ በሕመም ስሜትና በመንፈሳችን ሁኔታ ላይ ድርሻ አለው። ሆድና አንጎልም በነርቭ የተገናኙ ናቸው። የከፋው ሰው «ሆዴ ባሰኝ» ማለቱ፣ የተጨነቀም ሰው ሆዱን መታመሙ ከንቱ ወሬ አይደለም። ሱብሓነላህ!

የአንጀቱ ሴሮቶኒን ግን ወደ አንጎል አያልፍም። አንጎል የራሱን የሚሠራው ትሪፕቶፋን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ይህም በእንቁላል፣ በወተት፣ በሥጋና በጥራጥሬ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ በቂ ምግብ መብላት ይጠቅማል፤ ነገር ግን «ይህን ብላ፣ ድብርትህ ይለቅሃል» የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ አትመኑት።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል ማረም ይገባናል። ለብዙ ዓመታት «ድብርት የሚመጣው ሴሮቶኒን ሲያንስ ነው» ሲባል ኖሯል። በ2022 የታተመ፣ ቀደምት ጥናቶችን ያገናዘበ ሰፊ ግምገማ ግን ለዚህ አባባል አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። የድብርት መንስኤ አንድ ብቻ አይደለም፤ የዘር ውርስ፣ ሐዘን፣ ችግር፣ ወሊድ፣ የሰውነት በሽታ ሁሉ ይገቡበታል። ታዲያ መድኃኒቱ አይሠራም ማለት ነው? አይደለም። በ2018 የታተመ፣ 522 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ 21 የድብርት መድኃኒቶች በአዋቂዎች ላይ ባዶ ኪኒን ከመስጠት የተሻሉ ሆነው እንዳገኛቸው አሳይቷል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህ ነገር ለዲናችን ሊቃውንት እንግዳ አልነበረም። በ322 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት ኪታብ ሐዘንን ለሁለት ከፍለውታል፤ አንደኛው ምክንያቱ የሚታወቅ፣ ሁለተኛው ምክንያቱ የማይታወቅና ከአካል የሚነሳ፣ በአካልም በኩል መታከም ያለበት ነው። ነቢዩላህ የዕቁብስ (ዐ.ሰ) ከሐዘን ብዛት ዓይናቸው መንጣቱን ቁርኣን ይነግረን የለ? ኢማናቸው ደክሞ ነበር የሚል ማን ደፋር አለ? ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል። ዱዓእና ሕክምና አብረው የሚሄዱ እንጂ የሚጣሉ አይደሉም።

እንግዲህ እኛ በየቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከቤተሰባችን አንዱ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከከፋው፣ የሚወደውን ነገር ከጠላ፣ እንቅልፍና ምግብ ከራቀው ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው። «ሰው ምን ይለናል» ብለን አንደብቀው።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ ለውጥ እስኪያሳይ ሳምንታት ይወስዳል፤ ሶብር እናድርግ። ሻል ሲለንም ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አናቋርጥ፤ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና የሕመሙ መመለስ ሊከተል ይችላልና። በረመዳን ብዙዎች መድኃኒቱን የሚያቆሙት ለጾም ሲሉ ነው። በቀን አንዴ የሚወሰድ ኪኒን ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሑር ሊዛወር ይችላል፤ ሐኪሙን እንጠይቅ። መጾም የማይችል በሽተኛም አላህ ፈቃድ ሰጥቶታል።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት አንደባልቅ። ሴሮቶኒን ሲያንስ ብቻ ሳይሆን ሲበዛም አደጋ ነው። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ፣ ወይም መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠውን ሊኔዞሊድ ቢጨምርበት ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ ሊያተኩሰውና ሊቃዥ ይችላል፤ ይህ ከታየ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ጫትም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚወስድ ለሐኪሙ አይደብቅ።

አራተኛ፣ «ሞቴን ባየሁት» የሚል ሰው ካለ ንግግሩን አንናቅ፤ ብቻውን አንተወው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እናድርሰው። «ካፊር ልትሆን ነው» ብሎ መቆጣት ቁስሉ ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው።

ያቺ እናት ዛሬም ሲያገኙን ፈገግ ብለው «ኡስታዝ፣ አሁን ማንም ሲመጣብዎ መጀመሪያ ሐኪም አየው ወይ ብለው ይጠይቁ» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ እንጠይቃለን።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ ለአስታማሚዎቻቸውም ሶብሩን ይስጣቸው። ኣሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።