ጣሳና ሚዛን

(ከደምበል ሕንፃ በስተጀርባ ለንባብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችሁ አንዲት ከሰል የሚቸረችሩ እናት፣ «ልጆቼ፣ ፊደሉስ ለደብዳቤ ይሁን፤ ቁጥሩ ግን ለእኔ ለጉሊት ሴት ምን ይሠራልኛል?» ብለው ጠይቀውን ነበር። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ተመድበን የመጣን ተማሪዎች ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠንም። መልሱን በኋላ ከራሳቸው ከሰል ላይ አገኘነው።

በመጀመሪያ ከሰል ከየት ይመጣል? የዝዋይ ሐይቅ ደምበልም ይባላል፤ ከሰፈራችን ጋር ሞክሼ ነው። አዲስ አበባ ለብዙ ዘመን ካነደደችው ከሰል ብዙው የመጣው ከዚያው ከስምጥ ሸለቆ ግራር ነው። ግራሩ ሲመናመን ደግሞ በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች ተክለው ካሳደጉት ዲከረንስ ከተባለው ዛፍ የተከሰለው መምጣት ጀመረ።

አክሳዩ እንጨቱን ይከምራል፤ በሣርና በአፈር ይሸፍናል፤ በጠባብ ቀዳዳ ትንሽ አየር እየሰጠ ለቀናት ያጨሰዋል። አየር ከበዛ ዐመድ ይሆናል፤ ካነሰ ጥሬ ይቀራል። በዚህ አከሳሰል 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት 5 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንጨት ያልቃል። እንግዲህ አንድ ጆንያ ከሰል ስንት እንጨት እንደበላ አስቡት።

ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም። በደንብ የከሰለው ሲያንኳኩት እንደ ሸክላ ይጮኻል፤ ስብራቱም ያብረቀርቃል። ቡናማ የሆነው ጥሬ ነው፤ ይጨሳል። የግራር ከሰል ከባድ ነው፤ ፍሙ ይቆያል። የባሕር ዛፍ ከሰል ቀላል ነው፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል። ታዲያ ሁለቱ በአንድ ጣሳ ቢሰፈሩ እሳታቸው እኩል ይሆናል?

እኝያ እናት የገዙትን ጆንያ አብረናቸው ዘረገፍነው። አናቱ ላይ ድፍን ድፍኑ፣ መሐሉ ስብርባሪ፣ ከሥር ደቃቅ ነበር። «እኔን እንዲህ ያደርጉኛል፤ እኔ ደግሞ ለድኻው ስሰፍር ድፍኑን በጣሳው ውስጥ ቆም ቆም አደርገዋለሁ። ምን ላድርግ? ልጆች አሉኝ» አሉን፣ ዐይናቸውን ሳያነሡ።

ከጎረቤት ባለሱቅ ሚዛን ተዋስን። አንዱን ጣሳ ቆም ቆም አድርገን፣ ሁለተኛውን ጠቅጠቅ አድርገን ሞላን። ሁለቱም እስከ አፋቸው ሙሉ ናቸው። ሚዛን ላይ ግን ተለያዩ። ቁጥሩን ያነበብነው እኛ አይደለንም፤ እሳቸው ናቸው። «ለካ አየር ነው የምሸጠው!» አሉ።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር የለንደን ሰዎች ከመሬት የሚወጣውን የድንጋይ ከሰል በመስፈሪያ ይገዙ ነበር። ድፍኑ ሲሰባበር በመካከሉ ክፍተት ስለሚበዛ መስፈሪያውን ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ መሰባበር ትርፍ ሆነ። በ1831 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ለለንደን ከሰል ሚዛንን በመስፈሪያ ፈንታ ተካ። የድንጋይ ከሰል በወንፊት እየተነፋም ድፍኑ፣ መካከለኛውና ደቃቁ ለየብቻ ይሸጥ ነበር።

ሚዛንም ቢሆን ይታለላል፤ ውሃ የነካው ከሰል ይከብዳል። ስለዚህ ስትገዙ ከሰሉ ደረቅ መሆኑን በእጃችሁ እዩ፤ አንኳኩት፤ የጣሳውን ቂጥ ወደ ውስጥ አለመጎድጎዱን ተመልከቱ፤ ከሁሉ በላይ ግን አስመዝኑ። ደቃቁን አትጣሉት፤ ከሸክላ አፈር ጋር አቡክታችሁ፣ አድቦልብላችሁ ብታደርቁት ይነዳል።

እኝያ እናት አሁን ከሰላቸውን ሦስት ቦታ ለይተው በኪሎ ይሸጣሉ። እውነቱን እንንገራችሁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ደንበኞቻቸው ሸሹ። ጣሳ ለዐይን ይበዛላ! ሚዛን የያዘች ሻጭ፣ ቁጥር የሚያነብ ገዢ ከሌለ ብቻዋን ትከስራለች። ለዚህ ነው ዛሬ ለሁላችሁም የተናገርነው። ነገ ከሰል ስትገዙ «ይመዘንልኝ» በሉ፤ ቁጥሩንም ራሳችሁ አንብቡት።



ለመወያያ፦
1. ሁለት ሙሉ ጣሳዎች በሚዛን ለምን ተለያዩ?
2. በሰፈራችሁ ከሰል የሚሸጠው በምንድን ነው? ማን ይጠቀማል? ማንስ ይጎዳል?