ሰንሰለቱ ይጮህ ነበር፤ ቺንጋው ግን ዝም ብሎ ይበጠሳል

(አራዳ ውስጥ ለአንድ እድር አባላት፣ ለአሽከርካሪዎችና ለባለ መኪኖች የተደረገ ንግግር)



ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከራሴ ጥፋት ልጀምር። አራት ኪሎ ተሳፋሪ ሞልቼ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሬ የፒያሳን ዳገት ስይዝ ሚኒባሴ ቀጥ አለች። ጭስ የለ፣ ፍንዳታ የለ፣ ጥፍት! ቁልፉን ደጋግሜ አዞርኩ። ሞተሩ እንደ ወትሮው ከበድ ብሎት ሳይሆን እንደ ባዶ ወፍጮ ቀልሎ ተሽከረከረ። ያን ጊዜ እጄን መሰብሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን ወደ ቁልቁለቱ አዙሬ፣ ረዳቴንና የሰፈር ልጆችን አስገፍቼ፣ በሁለተኛ ማርሽ ፍሪሲዮን ለቀቅኩ።

ጋራዥ ገብታ ቴስታታው ሲወርድ ቫልቮላዎቹ ተጣመው ተገኙ። ቺንጋው ሲበጠስ የተረፈ ቫልቮላ ከነበረም እኔው በገዛ እጄ ጨርሼዋለሁ። ቤተሰብ የሚበላባት መኪና ከወር በላይ ቆመች።

ስገዛት «ቺንጋው ተቀይሯል፣ አታስብ» ተብዬ ነበር። ማን ቀየረው? መቼ? በስንት ኪሎ ሜትር? አልጠየቅኩም። የሰው ቃል አምኜ የልጆቼን እንጀራ በአንድ ጎማ ላይ ሰቀልኩት።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው? ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ መዞር አለበት። ይህን ልክ የሚጠብቀው የታይሚንግ ቺንጋው ነው። ሲበጠስ ካምሻፍቱ ይቆማል፤ ፒስቶኑ ግን መውጣትና መውረዱን አያቆምም። ቫልቮላው ተከፍቶ ከቀረ ይገጨዋል። በናፍጣ ሞተር ደግሞ ክፍተቱ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ማምለጫ የለም ማለት ይቻላል።

እናንተ አራዶች የላዳን ዘመን ታስታውሳላችሁ። ላዳ 2101 እና 2106 ሰንሰለት ነበራቸው። ሰንሰለት ሲላላ ይንጫጫል፤ ባለቤቱ ባይሰማ ጎረቤት ይሰማል። 2105 ይዞት የመጣው ሞተር ግን የጎማ ቺንጋ ነበረው። ደግነቱ ፒስቶኖቹ አናት ላይ ለቫልቮላው ጎድጎድ ስለተበጀላቸው ቺንጋው ቢበጠስም ሞተሩን አያበላሸውም። ዛሬ ከምንነዳቸው ብዙዎቹ ይህ ደግነት የላቸውም።

ቶዮታ በብዙዎቹ የናፍጣ መኪኖቹ ዳሽቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት አድርጓል፤ በአብዛኛው 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ ትበራለች። መብራቷ ግን ኪሎ ሜትር ትቆጥራለች እንጂ ቺንጋውን አታይም። ቆጣሪው በተነካካ አሮጌ መኪና ላይ እሷን ማመን ሞኝነት ነው።

ስለዚህ አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ማስረጃ ካላገኘ ቺንጋው እንዳልተቀየረ ይቁጠረው። እንደ መኪናው ዓይነት ልኩ ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ጎማ በቆመበትም ያረጃልና ዓመቱም ይቆጠር። ዘይት የነካው ቺንጋ ቶሎ ይበሰብሳል። ወጣሪውንና በዚሁ ቺንጋ የሚዞር ከሆነ ዋተር ፓምፑንም አብራችሁ ቀይሩ፤ ፓምፑ ከነከሰ አዲሱንም ይበጥሰዋል። የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ጽፋችሁ ኮፈኑ ሥር ለጥፉ። መንገድ ላይ ከተበጠሰ ደግሞ ቁልፍ አታዙሩ፣ አታስገፉ፤ አስጎትቱ።

«አሮጌውን ሸጠህ አዲስ ግዛ» የሚለን አይጠፋም። በምን አቅም? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ክፉኛ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብሩ በገበያ ዋጋ ይመራ ሲባል ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም አብሮ ተሰቀለ። አዋጁን የሚያወጡት ሰዎች በመንግሥት መኪና ይሄዳሉ፤ የእነሱን ቺንጋ የሚቀይረው የሕዝብ ገንዘብ ነው። የኛን የሚቀይርልን ማንም የለም። አሮጌዋ መኪናችን ገና ብዙ ዓመት ታገለግለናለች፤ ልናገለግላትም ይገባል።

ወገኖቼ፣ ዝም ያለ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል!