የድረ ገጽን የይዘት ሥርዓት ስለ መምረጥና ስለ ማሻሻል

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ በዛሬው ጉባኤ ላይ እንድናገር በጋበዘኝ ጊዜ የሰጠኝ ርእስ «ለማኅበራችን የትኛው የድረ ገጽ ሥርዓት ይሻላል?» የሚል ነበር። ጥያቄው በዚህ አኳኋን ሲቀርብ መልሱ አንድ ስም ብቻ ይመስላል። እኔ ግን ስም ይዤ አልመጣሁም። ይዤ የመጣሁት አንድ አሳብ ነው፤ ይኸውም የድረ ገጽ ሥርዓት መመረጥ ያለበት ያስረከብነውን የአማርኛ ጽሑፍ ሳያበላሽ በመጠበቁ፣ በፈለግነው ጊዜ አግኝቶ በማቅረቡና ልንለየው በተነሣን ቀን ሙሉውን መልሶ በማስረከቡ ነው የሚል ነው። የመጻሕፍት ቤትና የመዛግብት ሠራተኞች እንደ መሆናችን እነዚህ ሦስት ነገሮች ለእኛ እንግዳ አይደሉም። መደርደሪያ ስንገዛ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ድረ ገጽ ሲሆን ግን ምክንያቱን በማላውቀው ሁኔታ እንዘነጋቸዋለን።

በቅድሚያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ ላስረዳ። በድረ ገጽ መጀመሪያ ዘመን እያንዳንዱ ገጽ ለየብቻው በእጅ ይዘጋጅ ስለ ነበር፣ አንድ የስልክ ቁጥር ቢለወጥ ሁሉንም ገጽ እየከፈቱ ማረም ግድ ነበር። የይዘት አስተዳደር ሥርዓት የሚባለው ፕሮግራም ጽሑፉን ከገጹ መልክ ለይቶ በዳታቤዝ ውስጥ ያኖረዋል፤ ጸሐፊው ኮድ ሳያውቅ ጽፎ ያትማል። ከነዚህ ፕሮግራሞች መካከል በሰፊው የታወቁት ሦስቱ፣ ቤልጅጋዊው ድሪስ ቦይታርት በ2001 ያወጣው ድሩፓል፣ ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል በ2003 የጀመሩት ወርድፕሬስ፣ እንዲሁም በ2005 ማምቦ ከተባለው ፕሮግራም ተገንጥሎ የተቋቋመው ጁምላ ናቸው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጁምላ የሚለው ስም ደግሞ ከስዋሂሊ የተወሰደ ሲሆን፣ እኛ በገበያ ከምንለው «ጅምላ» ጋር የሥጋ ዝምድና አለው።) ሦስቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ያለ ክፍያ ይገኛሉ ማለት ግን ያለ ወጪ ይኖራሉ ማለት አይደለም፤ ወጪው በሰው ጉልበትና በጊዜ ይከፈላል።

ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ድረ ገጹ ይለወጥ ተብሎ ሻጮች ተጋበዙ፤ ያሳዩንም ገጽ እጅግ ያማረ ነበር። ነገር ግን በገጹ ላይ የነበረው ጽሑፍ በሙሉ እንግሊዝኛ መሆኑን ያስተዋለ አልነበረም፤ እኔም ራሴ አላስተዋልሁም። ውሉ ተፈርሞ የቆዩት ጽሑፎች መግባት ሲጀምሩ ችግሩ ብቅ አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታውን ያገኘው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በላቲን ፊደላት የኮድ ቁጥር ላይ የፊደላችንን ቅርጽ እየደረቡ ይሠሩ ስለ ነበር፣ የተጻፈበት ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። የመሥሪያ ቤታችን የቆዩ መግለጫዎች አብዛኛዎቹ በዚህ ዐይነት የተጻፉ ነበሩ። ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ መሣሪያ መፈለግና አንድ በአንድ ማረም ሲገባ፣ ጊዜ የለም ተብሎ ሁሉም እየታተመ በስካነር ተነሥቶ እንደ ፎቶግራፍ ተሰቀለ። ለዐይን ያነበባል፤ ነገር ግን በፍለጋ አይገኝም፣ ስሕተቱ አይታረምም፣ ለዐይነ ስውራን የሚያነበው ፕሮግራምም አንዲት ቃል አያገኝበትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥርዓቱ እንደ ገና ሲለወጥ ጽሑፎቹ ተሻገሩ፤ የፎቶግራፎቹ ማኅደር ግን በአሮጌው ሰርቨር ላይ ቀርቶ ከሰርቨሩ ጋር ጠፋ። የስድስት ዓመት መግለጫ በዚህ ዐይነት አለቀ። ማንም ክፉ አሳብ አልነበረውም።

ስለዚህ አንድን ሥርዓት ስንመረምር በሻጩ ጽሑፍ ሳይሆን በራሳችን ጽሑፍ እንድንመረምር እጠይቃለሁ። ምን ምን እንደሚታይ ከልምዴ ጥቂቱን ላቅርብ።

ፍለጋን እናስቀድም። የእኛ ፊደል አንዱ ሆሄ ተናባቢንና አናባቢን በአንድነት ስለሚይዝ ቃላችን በፊደል ቁጥር አጭር ነው። «ሕግ»፣ «ቤት»፣ «ሰው»፣ «ውኃ»፣ «ልጅ» ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። የፍለጋ ፕሮግራሞች የተሠሩት ግን የእንግሊዝኛን አጫጭር አገናኝ ቃላት ለመዝለል ታስቦ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ በራሱ የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ሲሠራ፣ በቆየው ማይአይሳም በተባለው አሠራሩ ከ4 ፊደል፣ በአዲሱ ኢኖዲቢ ደግሞ ከ3 ፊደል ያነሰን ቃል ካልታዘዘ በቀር በማውጫው ውስጥ አይመዘግብም። የድሩፓልም የራሱ ፍለጋ እንዲሁ ከ3 ያነሰውን ይዘላል። እንግዲህ ስለ ሕግ የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች ያሉበት ድረ ገጽ «ሕግ» ተብሎ ሲጠየቅ «ምንም አልተገኘም» ብሎ ሊመልስ ይችላል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ማውጫውን እንደ አዲስ ማሠራት ይበቃል። ይህን ሳያውቁ ፕሮግራሙን የረገሙና ወደ ሌላ የተሻገሩ ግን ጥቂቶች አይደሉም። ወርድፕሬስ በበኩሉ የተጠየቀውን ቃል በጽሑፉ ውስጥ እንዳለ ስለሚፈልግ «ቤት» ሲባል «በቤት»ንና «ቤትና»ን ያገኛል፤ «ቤቶች»ን ግን አያገኝም፤ «ት» ወደ «ቶ» ተለውጣለችና። በዚህ ላይ የሞክሼ ፊደላት ጣጣ አለ፦ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን ሰው ሥራ «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም። የካርድ ካታሎግ ይሠሩ የነበሩ አዛውንቶቻችን ይህን ችግር ኮምፒውተር ሳይመጣ ያውቁት ነበር። በእኔ አስተያየት ሞክሼዎቹ መጠቅለል ያለባቸው በማውጫው ውስጥ ብቻ ነው፤ የጸሐፊው ፊደል በጽሑፉ ላይ እንዳለ ይኑር። ጽሑፉን ራሱን «ላስተካክል» የሚል ባለሙያ ቢመጣ እንዳትፈቅዱለት።

ሁለተኛው የገጽ አድራሻ ነው። ወርድፕሬስ አድራሻውን ከርእሱ ወስዶ በራሱ ሲሠራ አንዱን የግዕዝ ፊደል በ9 ምልክት ይጽፈዋል፤ የተፈቀደው ርዝመት ግን 200 ምልክት ነው። በዚህ ስሌት ርእሳችን ከ22 ፊደል ገደማ በላይ አይሄድም። «የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርት» የሚለውን ቆጥሬዋለሁ፤ ከነክፍተቱ ሲሰላ «ሪፖርት» የመጨረሻ ፊደሏን ታጣለች፤ ከርሷ በኋላ የሚመጣው ዓመት ከነጭራሹ አይገባም። ስለዚህም የየዓመቱ ሪፖርት አድራሻ አንድ ዐይነት ይሆንና ፕሮግራሙ 2፣ 3፣ 4 እያለ ቁጥር ይቀጥልበታል። ከዓመታት በኋላ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ጸሐፊው አጭር አድራሻ በራሱ እጅ እንዲሰጥና ዓመቱን እንዲያስቀድም ከተደረገ ነገሩ ያልቃል።

የፊደል ነገር ሲነሣ በ2021፣ በዩኒኮድ 14.0 እትም፣ ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የሚያገለግሉ 28 ተጨማሪ ሆሄያት ገብተዋል። የቆየው የግዕዝ ፊደል በዳታቤዝ ውስጥ ለየሆሄው 3 ባይት ሲይዝ እነዚህ አዲሶቹ 4 ባይት ይይዛሉ። የቆየ ዳታቤዝ እስከ 3 ባይት ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ከተዘጋጀ አዲሶቹን አይቀበልም፤ አንዳንዱም ከዚያ ፊደል ጀምሮ ያለውን ጽሑፍ ይቆርጠዋል። ወርድፕሬስ ይህን ያሻሻለው በ2015 ነው፤ ከዚያ በፊት የተተከሉ ሁሉ ግን መሻሻላቸውን ማየት ይገባል። ማኅበራችን በጉራጌ ቋንቋዎች የተጻፉ መጻሕፍትን ካታሎግ ለማውጣት ካሰበ ይህ ቅንጦት አይሆንም።

ስለ ዘመን አቆጣጠር ብዙ አልልም። ቀኑ በውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይመዝገብ፤ ለአንባቢው በእኛ ይታይ። ይህን የሚሠራ መሣሪያ አለ፤ ጳጉሜንን የማያውቅ ሥርዓት ላይ ቀኑን በእጅ መጻፍ ግን የስሕተት ምንጭ ነው።

አሁን እጅግ ወደሚያሳስበኝ ወደ መለያየቱ ቀን ልምጣ። ማንኛውም ሥርዓት ያረጃል። በጃንዋሪ 2011 የወጣው ድሩፓል 7 ድጋፉ በጃንዋሪ 5 ቀን 2025 ተቋርጧል። በ2015 ወደ ወጣው ወደ ድሩፓል 8 መሻገር እንደ ተለመደው ማደስ ሳይሆን ቤቱን እንደ ገና መሥራት ስለ ነበረ፣ ብዙዎች አሮጌው ላይ እስከ መጨረሻው ቆዩ። የወርድፕሬስም ማውጫ ፋይል በሩቁ ሲያዩት ሁሉን የያዘ ይመስላል፤ ጽሑፉን ይይዛል፣ የፎቶግራፎቹን ግን አድራሻቸውን እንጂ ራሳቸውን አይዝም። አዲሱ ድረ ገጽ ሥዕሎቹን የሚያመጣው ከአሮጌው ድረ ገጽ ላይ ነውና፣ አሮጌው አስቀድሞ ከተዘጋ ሥዕሉ የለም። የእኔ መሥሪያ ቤት የወደቀበት ጉድጓድ ለዚህ የቀረበ ነበር። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጩ ሁሉንም አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዲተክለውና ጽሑፉም ሥዕሉም ተቆጥሮ እንዲያስረክብ ይጠየቅ። «ይቻላል» የሚለውን መልስ አትቀበሉ፤ ሲሠራ እዩ።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ማኅበራችን አዲስ ሥርዓት ያስፈልገዋልን? ያለንን ድረ ገጽ ባለፈው ወር ገጽ በገጽ አየሁት። «ዜና»፣ «ዜናዎች»፣ «ወቅታዊ ዜና» የሚባሉ ሦስት ክፍሎች አሉ፤ ልዩነታቸውን ለማወቅ ብጥርም አልቻልሁም። ያለፈበት የስብሰባ ጥሪ ከፊት ገጽ ላይ አለ። ሥዕሎቹ ከካሜራ እንደ ወጡ ስለ ተሰቀሉ በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚከፍተው አባል የዳታ ገንዘቡን ይጨርሳል። ለአንዲት ትንሽ ጉዳይ ሁሉ አንድ ፕለጊን ተጨምሯል፤ ካልታደሰ ፕለጊን የበለጠ ለሰርጎ ገቦች የተመቸ በር ደግሞ የለም። ከነዚህ አንዱንም ሥርዓት መለወጥ አያድነውም፤ ሁሉም ወደ አዲሱ ቤት ተጭኖ ይሄዳል። ክፍሎቹን ማዋሐድ፣ ያለፈውን ወደ መዝገብ ማውረድ፣ ሥዕሉን ማሳነስ፣ የማይሠራበትን ፕለጊን መንቀል፣ የፍለጋውን ቁጥር ማስተካከል ግን ባለን ሥርዓት ላይ የሚሠራ ሥራ ነው። ይህን ሳናደርግ ወደ ግዢ ብንሄድ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንብናል።

ሥራውን ማን እንደሚይዘውም ይወሰን። እስከ ዛሬ የይለፍ ቃሉ በአንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት እጅ ነበር፤ እርሱ ለትምህርት ወደ ውጭ በሄደ ጊዜ አራት ወር ያህል አንዲት ቃል መለወጥ አልቻልንም። ወጣቱን አልወቅሰውም፤ ሁለተኛ ሰው ያልመደብነው እኛ ነን።

የማቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። የግዢው ውሳኔ ለሁለት ወር ይቈይ። በመጀመሪያው ወር ያለው ድረ ገጽ ይጽዳ። በሁለተኛው ወር፣ ያኔም ጉድለቱ የሥርዓቱ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ከመዝገባችን የተመረጡ 20 ጽሑፎች በሁለት ሥርዓቶች ላይ ይሞከሩ። ከነርሱ መካከል በጥንቱ ፎንት የተጻፈ አንድ ሪፖርት፣ የጉራጌ ሆሄያት ያሉበት አንድ የመጻሕፍት ዝርዝር፣ ረጅም ርእስ ያለው አንድ ቃለ ጉባኤና ብዙ ሠንጠረዥ ያለበት አንድ የሒሳብ መግለጫ እንዲኖሩ አድርጌአለሁ። ሞካሪዎቹ እኔና ሻጩ ሳንሆን በየቀኑ የሚጽፉት የጽሕፈት ቤታችን ሠራተኞች ይሁኑ። ሃያዎቹን ጽሑፎች ዛሬ ጠዋት ለዋና ጸሐፊያችን አስረክቤአለሁ፤ ሊያያቸው የሚፈልግ አባል ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ ሊያገኛቸው ይችላል።