አለመልቀቅም ችሎታ ነው



በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት ነጭ ጭራ አጋዘንን በቀስት ማደን እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ድረስ ይፈቀዳል። ብዙው አዳኝ ግን የሚወጣው በኖቬምበር፣ ወንዱ አጋዘን ሴቷን ፍለጋ በጠራራ ፀሐይ ሲንከራተት ነው። በብርዱ ወራት ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚያደባው ጥቂቱ ነው።

ያኔ ጫካው ተራቁቷል፤ ሰው የሚከልል ቅጠል የለም። ከአዳኝ የተረፈው አጋዘንም ነቅቷል። የስሪያው ወቅት ስላከሳው ሐሳቡ ሁሉ ሆዱ ላይ ነው፤ ሊመሽ ሲል ከታጨደው ማሳ የቀረውን በቆሎ ሊለቅም ብቅ ይላል። አዳኙ ከግንዱ ጋር በመታጠቂያ ታስሮ፣ 5 ወይም 6 ሜትር ከፍታ ላይ ይጠብቃል። ነፋሱ ዞሮ ጠረኑን ወደ ማሳው ከወሰደው፣ የዕለቱ ልፋት በዚያው አበቃ።

አጋዘኑ 20 ሜትር ድረስ ቢጠጋ እንኳ ፊት ለፊት ከቆመ፣ ጠንቃቃ አዳኝ አይወረውርም፤ ጎኑን እስኪሰጠው ይጠብቃል። ሳንባውን ወይም ልቡን ያልመታ ቀስት እንስሳውን አቁስሎ ለስቃይ ይሰደዋል። ስለዚህ ጎኑን ካልሰጠው የሳበውን አውታር ቀስ አድርጎ ይመልስና ባዶ እጁን ይወርዳል። ፈቃዱ በኪሱ አለ፤ የሚከለክለው ሕግም፣ የሚያየው ሰውም የለም። የከለከለው ራሱ ነው።

ቃልም እንደ ቀስት ነው፤ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላል የአገራችን ሰው። ዛሬ በቢሮም ሆነ በቤት ተናግረን ልናሸንፍ የምንችልበት ክርክር ይገጥመን ይሆናል። መናገር ስለቻልን ብቻ አንናገር፤ ቃላችን የሚያርፍበትን ቦታ አስቀድመን እንይ።