ሸራው አዲስ፣ ፍሬኑ ሰነፍ
(ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ይቀንስ)

አቅራቢ፦ ሸራና ዲስክ አስቀይራችሁ፣ ከጎንደር በአይከል አድርጋችሁ ወደ መተማ ቆላ ስትወርዱ ፍሬኑ አልይዝ ካለ፣ «አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው» ብላችሁ አትለፉት። መጀመሪያ ፔዳሉን በእግራችሁ አዳምጡት።

እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ይወርዳል? ደጋግማችሁ ስትረግጡት ይጠነክራል? መስመሩ ውስጥ አየር ሳይኖር አይቀርም፤ ይውጣ።

ፔዳሉ ድርቅ ብሎ መኪናው ካልቆመስ? ሞተር አጥፉና ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። እግራችሁን ሳታነሱ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካላለ እግራችሁን የሚያግዘው ሰርቮ ይታይ። ዝቅ ካለ ግን ዲስኩን ጠርጥሩ፦ ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ ዝገት መከላከያ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው፤ ሳይጸዳ ከታሰረ ሸራው ዘይት ይጠጣል። ንጹሕ ቢሆንም ሁለቱ ገና አልተላመዱም። ጭር ባለ ሜዳ ላይ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየቀነሳችሁ፣ ሳትቆሙ፣ በየመሃሉ እያቀዘቀዛችሁ አላምዷቸው። ይህን ጋራዡ ሁሌ አይነግራችሁም።

ሸራ ሲቀየር የሚረሳው የፍሬን ዘይቱ ነው። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ እየረገጡ መውረድ ያፈላዋል፤ ያኔ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱት።

(ሙዚቃ)